ስለ ድብርት ሙዚቃዊ ቴአትር በሰፈር አዳራሽ እንዴት ይሠራል? ከግጥሙ እስከ መጨረሻው ውይይት

ከቱሉ ዲምቱ፣ ከኮዬ ፈጬ፣ ከጀሞ፣ ከአያት ወዲያ ካሉ የወጣት ክበባት በተደጋጋሚ የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ስለ ድብርት ሙዚቃዊ ቴአትር መሥራት እንፈልጋለን። ሰው ሳይስቅብን፣ የታመመውንም ሳንጎዳ እንዴት እንሥራው?» መልሱን ለሁሉም እንዲሆን እዚህ በተራ ጽፌዋለሁ። አሠራሩ የታሰበው በወረዳ አዳራሽ ወይም በወጣት ማዕከል ለሚቀርብ፣ 50 ደቂቃ ገደማ ለሚፈጅ ሥራ ነው።

ሥራችሁን ከመጀመራችሁ በፊት ይህን ያዙ፦ ድብርትን መድረክ ላይ በለቅሶ ለማሳየት አትሞክሩ። ሕመሙ የሚታወቀው ሰውየው አንድ በአንድ በተዋቸው ነገሮች ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ የሚመጡት ከዚህ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ከ6 እስከ 8 ተዋንያን፤ ከእነሱ ቢያንስ 4ቱ በኅብረት መዝፈን የሚችሉ
- አንድ ክራር፣ አንድ ከበሮ፣ ከተገኘ አንድ ዋሽንት። ኦርጋን ባይኖር ይሻላል፤ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል
- 2 ማይክሮፎን፣ ስፒከርና ዲቫይደር። የሰፈሩ እድር አብዛኛውን ጊዜ አለው፤ ወንበሩንም ከዚያው ተከራዩ
- 2 ፓውዛና መብራት ቢጠፋ የሚተካቸው በቻርጅ የሚሠራ መብራት
- ፍራሽ፣ ጋቢ፣ ክዳን ያለው የሊጥ ባልዲ፣ ረከቦትና ስኒዎች
- የጤና ጣቢያው ስልክና የአገልግሎት ቀን የታተመበት ትንሽ ወረቀት፣ በወንበሩ ቁጥር ልክ
- ባዶ ወረቀትና እስክሪብቶ፣ ለጥያቄ መሰብሰቢያ
- አንድ የአእምሮ ጤና ባለሙያ። ከዝርዝሩ ውስጥ ምንም ሊተካው የማይችለው ይህ ነው

ደረጃ 1፦ ግጥም ከመጻፋችሁ በፊት ጤና ጣቢያ ሂዱ

በቅርባችሁ ያለው ጤና ጣቢያ የአእምሮ ጤና አገልግሎት በየትኛው ቀን እንደሚሰጥ ጠይቁ። አገልግሎቱ ከሌለ ሰውን ወዴት ሪፈር እንደሚጽፉ ይንገሯችሁ። አማኑኤልን ሁሉም ያውቀዋል፤ ነገር ግን የሥነ አእምሮ ሕክምና በዘውዲቱና በጳውሎስ ሆስፒታሎችም ይሰጣል፣ በኮተቤና በአያት በኩል ላላችሁ ደግሞ የካ ኮተቤ ሆስፒታል ይቀርባል። ባለሙያውን ሦስት ነገር ለምኑት፦ ድርሰቱን እንዲያነብ፣ አንድ ልምምድ እንዲያይ፣ በዕለቱ አዳራሹ ውስጥ እንዲገኝ።

ይህ ቀድሞ የሚደረግበት ምክንያት አለው። ትዕይንቱ ሲያልቅ ወንበር እስክትሰበስቡ ጥግ ይዞ የሚጠብቅ ሰው ይኖራል። «የእኔ እህት እንደዚያች ናት» ይላችኋል፤ ወይም እህቱን አስመስሎ ስለ ራሱ ይነግራችኋል። ያን ጊዜ በእጃችሁ ስም፣ ስልክና ቀን ከሌለ ቁስሉን ከፍታችሁ ትታችሁት ሄዳችሁ ማለት ነው።

ምልክቶቹንም ከባለሙያው ጋር ተነጋገሩባቸው። ድብርት የሚባለው ሐዘኑ ወይም ለማንኛውም ነገር ፍላጎት ማጣቱ ቢያንስ ለ2 ሳምንት፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል፣ የቀኑን አብዛኛውን ክፍል ሲይዝ ነው። እንቅልፍ ይጠፋል ወይም ከልክ ይበዛል፣ ምግብ ያስጠላል፣ ሰውነት ይዝላል፣ ሐሳብ አይሰበሰብም፣ ራስን መውቀስ ይበረታል፣ ተስፋ ይቆረጣል፣ የሞት ሐሳብም ሊመጣ ይችላል። እኛ ሰፈር ደግሞ ብዙው ሰው «ከፋኝ» ብሎ አይጀምርም፤ ራሴን አመመኝ፣ ሰውነቴን አቃጠለኝ፣ ጨጓራዬ ነው እያለ ነው የሚመጣው። ይህን ድርሰቱ ውስጥ አስገቡት። አዳራሹ ውስጥ ራሱን የሚያገኘው ሰው በዚህ በር ነው የሚገባው።

ደረጃ 2፦ አንድ ሰው ፍጠሩ፤ የተወቻቸውን ነገሮች ጻፉ

ታሪኩ የአንድ ሰው ይሁን። ሦስት በሽተኛ ካበዛችሁ ማንንም ሳናውቅ ያልቃል። ከሰፈሩ የማንንም እውነተኛ ታሪክ አትውሰዱ፤ ባለቤቱ ቢፈቅድም እንኳ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ «ይቺማ ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ናት» ለማለት ሰው አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም።

ምሳሌ ልስጥ። ለጎረቤት እንጀራ እየጋገረች የምትሸጥ ሴት ውሰዱ። በጤናዋ ጊዜ ምን ምን ታደርግ ነበር? ሊጥ ታቦካለች፣ በሦስተኛው ቀን አብሲት ትጥላለች፣ ቡና ሲጠሯት ትሄዳለች፣ ለእናቷ ማታ ማታ ትደውላለች፣ ቅዳሜ ፀጉሯን ትሠራለች፣ ስትጋግር ትዘፍናለች። አሁን በየትኛው ቅደም ተከተል እንደምትተዋቸው ወስኑ። እያንዳንዱ መተው አንድ ትዕይንት ነው። ዘፈኗ የመጨረሻው ይሁን።

የሊጡ ባልዲ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መድረኩ ላይ ይቀመጥ። በመጀመሪያው ትዕይንት ከድናው እያንጎራጎረች ትሄዳለች። በሦስተኛው ትዕይንት ጎረቤቷ «እንጀራ ጨርሻለሁ እኮ፣ ምነው ጠፋሽ?» ብላ ትገባለች፤ ክዳኑን ከፈት ታደርግና ፊቷን ዘወር አድርጋ መልሳ ትከድነዋለች። ምንም አትናገርም። አዳራሹ ውስጥ ያሉ እናቶች ሽታውን ከተቀመጡበት ያውቁታል፤ ሊጡ ስንት ቀን እንደተረሳም ይቆጥራሉ። ለቅሶ ይህን ሊሠራላችሁ አይችልም፤ ለቅሶ አይተን እናዝናለን፣ «አይዞሽ» እንላለን፣ ከዚያ አለፈ ብለን እናስባለን።

ምክንያቱን አንድ ብቻ አታድርጉት። ባሏ ስለተዋት፣ ሥራ ስላጣች፣ ብሎ መዝጋት ይቀልላል። ነገር ግን ምክንያት የሚሉት ነገር ሳይታያቸው የታመሙት ተመልካቾች «የእኔስ ስንፍና ነው» ብለው ይወጣሉ። ኑሮው፣ ብቸኝነቱ፣ በቤተሰብ የሚወረሰው ተጋላጭነት፣ ሌላ ሕመም፣ ወሊድ፣ ሁሉም ሊደራረብ ይችላል። ሁለት ሦስቱን ጠቁማችሁ እለፉ።

ደረጃ 3፦ ዜማውን በቅኝት ከፋፍሉ

ሙዚቃዊ ቴአትር ከተራ ቴአትር የሚበልጥበት ቦታ እዚህ ነውና ጊዜያችሁን እዚህ አጥፉ።

የታመመችዋን ሴት ዘፈን በትዝታ አትሥሩት። ሁሉም ቡድን መጀመሪያ እጁ የሚሄደው ወደ ትዝታ ነው፤ ሐዘን ነዋ። ግን ትዝታ ናፍቆት አለው፣ ጣዕም አለው። ሰው አይኑን ጨፍኖ አብሮ ያንጎራጉራል፤ ዘፋኟ ጥሩ ከሆነች ተነሥቶ ግንባሯ ላይ ብር ይለጥፋል። ሕመሙ ግን ጣዕም የሚያሳጣ ነው። ትዝታን ለእናቷ ስጡ፤ የምትናፍቀው፣ «ልጄ ምነው ድምፅሽ ጠፋ» የምትለው እናት ናት።

ለሴትዮዋ ይህን አድርጉ። በመጀመሪያው ትዕይንት አንድ አጭር፣ ቀላል ዜማ ይኑራት፤ የቅኝቱን አምስት ድምፆች ሁሉ የሚነካ፣ ተመልካች ቶሎ የሚይዘው። በባቲ ቅኝት ቢሆን ጥሩ ነው። ይህ ዜማ ደጋግሞ ይመጣል፤ በመጣ ቁጥር ግን አንድ ድምፅ ይቀነሳል። መጀመሪያ ከፍተኛው ይሂድ። ዜማው እዚያ ድምፅ ላይ ሲደርስ ዝቅ ብሎ በጎረቤቱ ድምፅ ይሂድ፤ ወይም ዝም ብላ ትለፈው። ክራር ደርዳሪው በዚያው ጊዜ ያንን አውታር በጣቱ አፍኖ ይያዘው፤ ተመሳሳይ ድምፅ የሚሰጥ ሌላ አውታር ካለ አብሮ ይታፈን። በአራተኛው ጊዜ ሁለት ድምፅ ብቻ ይቀራታል። በአምስተኛው ክራሩ መግቢያውን ይደረድራል፣ እሷ አፏን ትከፍታለች፣ አትዘፍንም።

እዚያ ላይ ጠብቁ። ክራሩ መግቢያውን ሙሉ አንድ ጊዜ ይድገመው። ተመልካቹ ዜማውን ስለሚያውቀው በልቡ ይሞላዋል፤ የሷ አለመዝፈን የሚሰማው ያን ጊዜ ነው። ለዚህም ነው የመጀመሪያው ዜማ ቀላል መሆን ያለበት፤ ያልያዙትን ዜማ ቢያጡት አይታወቃቸውም።

ለጎረቤቶች ኅብረት ችክችካ ስጧቸው። ቡናው፣ ወሬው፣ ልብስ አጠባው በችክችካ ይሂድ፣ ከበሮው ደመቅ ይበል። ሴትዮዋ ከእነሱ ጋር ስትሆን እጇም እግሯም ከምቱ አንድ ምት ወደ ኋላ ይቅር። ስኒ ሲቀበሉ ዘግይታ ትቀበላለች፣ ሲስቁ ዘግይታ ትስቃለች። ድብርት እንቅስቃሴንና ሐሳብን ያዘገያል፤ ይህን በቃል ከማስረዳት በምት ማሳየት ይቻላል። ለልምምድ ከባድ ነው፤ ከበሮ መቺው በእግሩ ምቱን ሲመታላት እሷ በልቧ «አንድ» ቆጥራ ትጀምር።

እንቅልፍ ላጣችበት ሌሊት አንቺ ሆዬ ቅኝት ይስማማል። ከድምፆቹ አንዳንዶቹ እጅግ ስለሚቀራረቡ ጆሮ ማረፊያ አያገኝም። ከአንድ ደቂቃ ተኩል አታስረዝሙት።

ደረጃ 4፦ ግጥሙን ጻፉ

ዘፈኑ በእሷ አፍ፣ በቀላል ቃል ይሁን። ይህን ለመነሻ ያህል ጻፍኩላችሁ፦

ጎረቤት ይጣራል ቡናውን ቀድቶ፣
እግሬ ግን እንቢ አለ ጆሮዬ ሰምቶ።

ሁለት መስመር ነው፤ ግን ፍላጎት ሳይሆን ጉልበት እንደጠፋ ይናገራል። ተቀባዮቹ «ጠንከር በዪ፣ ሁሉም ያልፍ የለም ወይ» እያሉ በደስታ ይመልሱላት። ክፋት የላቸውም፤ በቅን ልብ ነው የሚሉት። አዝማቹ ሲደጋገም ግን ለእሷ እየከበዳት እንደሚሄድ በትከሻዋ ታሳይ። ተመልካቹ ራሱ ስንት ጊዜ እንዲህ እንዳለ ያስታውሳል፤ እናንተ መውቀስ አያስፈልጋችሁም።

ሰምና ወርቅ ለቡናው ወሬ፣ ለሽሙጡ፣ ለሐሜቱ ያምራል። እርዳታን በሚመለከት ቦታ ግን ቅኔ አትግቡ። ጎረቤቷ ወይም እህቷ ሙዚቃው ቆሞ፣ በተራ ንግግር፣ ቀስ ብላ ትጠይቃት፦ «ራስሽን ለማጥፋት አስበሽ ታውቂያለሽ?» እንዲህ ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን ያመጣባታል ብለው የሚፈሩ ብዙ ናቸው። አያመጣም፤ መጠየቁ ሰውየው እንዲናገር በር ይከፍታል። ተመልካቹ ጥያቄው እንዴት እንደሚጠየቅ ጆሮው ሰምቶ መውጣት አለበት። ስለዚህ ቃሉ ግልጽ ይሁን፣ መልሱን የሚሸፍን ክራርም አይኑር።

ማስጠንቀቂያ

- ራስን ማጥፋትን መድረክ ላይ አታሳዩ። ዘዴውን፣ ቦታውን፣ ዕቃውን በቃልም በምልክትም አትጥቀሱ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ለመድረክና ለፊልም ባለሙያዎች ባወጣው መመሪያ አጥብቆ የሚጠይቀው ይህን ነው፤ ዝርዝሩን ማየት በዚያ ሐሳብ ውስጥ ያለን ሰው ወደ ድርጊቱ ሊገፋው ይችላልና።
- ሞትን ዕረፍት አድርጎ የሚያወድስ ስንኝ አይግባ። ግጥሙ ቢያምርም አውጡት።
- የተቀደደ ልብስ፣ ብቻውን የሚስቅ ሰው፣ ሰንሰለት፣ እነዚህን አትጠቀሙ። ሳቅ ያመጣሉ፣ የታመመውንም ሰው ያስደብቁታል።
- ድርሰቱ ሰውን ከመድኃኒቱ የሚያስወጣ ቃል እንዳይኖረው ባለሙያው ያረጋግጥ።

ደረጃ 5፦ መሻሉን በልኩ አሳዩ

ሠርግ፣ ጉዞ፣ ሎተሪ፣ ወይም ከውጭ የመጣ ዘመድ አያድናት። ጤና ጣቢያ ትሂድ። ባለሙያው ፊት ተቀምጣ «ራሴን ያመኛል» ብላ ትጀምር፤ እሱም ስለ እንቅልፏ፣ ስለ ምግቧ፣ ስለ ሥራዋ ይጠይቃት። ንግግሩ ራሱ ሕክምና መሆኑ ይታይ። መድኃኒት ከታዘዘላት በሁለተኛው ቀን ስትስቅ አታሳዩ፤ የድብርት መድኃኒት ለውጡ የሚታወቀው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ቆይቶ ነው፣ ከተሻለም በኋላ ለወራት ይወሰዳል። ይህን ካላሳያችሁ ተመልካቹ በአምስተኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብሎ ይተወዋል።

ጸበል ላይ አትቀልዱ፣ አትከራከሩም። ከተመልካቹ ብዙው እንጦጦም ሆነ በየሰፈሩ ወዳለው ጸበል የሄደ ነው፤ ያከበራችሁትን ያህል ይሰማችኋል። እናቷ ጸበል ስትወስዳት ክኒኑን በቦርሳዋ ይዛላት ትሂድ። አንድ ቃል ሳትናገሩ ሁለቱ አብረው እንደሚሄዱ ታሳያላችሁ።

ዜማው እንደሄደው ሁሉ በየድምፁ ይመለስ። በመጨረሻው ትዕይንት አዲስ ሊጥ ስታቦካ አራት ድምፅ ይኑራት፤ አምስተኛውን አትመልሱ። ሰው ከድብርት ሙሉ በሙሉ ሊድን ይችላል፤ የእናንተ ታሪክ የሚሸፍነው ግን ጥቂት ወር ነው፣ ሕክምናዋም ገና አላለቀም።

ደረጃ 6፦ ልምምድ

መጀመሪያ ዜማውን ብቻ ያለ ትወና አጥኑ፤ ትወናው ሲጨመር ምቱ ይጠፋልና። መሪ ተዋናይቷን ስትመርጡ በአሁኑ ጊዜ በድብርት ውስጥ ያለችን ልጅ «ታውቀዋለችና በደንብ ትሠራዋለች» ብላችሁ አትስጧት። መሳተፍ ከፈለገች ከበሮው፣ ተቀባይነቱ፣ የመድረክ ሥራው አለ።

ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላ 10 ደቂቃ ይኑር። ተዋናይቷ ጋቢውን አውልቃ ታስቀምጥ፣ ፊቷን ትታጠብ፣ ሁሉም አንድ የሚወዱትን ፈጣን ዘፈን አብረው ይዝፈኑ። ለሳምንታት ቀስ ብሎ መንቀሳቀስና ሐሳብን ማጨለም ሰውነት ላይ ይቀራል። ለሁለት ቀን ተከታታይ ዝም ያለች፣ ያልበላች ከመሰላችሁ ጠይቋት፤ ተተኪም አዘጋጁላት።

ደረጃ 7፦ ቀንና አዳራሽ

ከሰኔ እስከ ጳጉሜን አታስቡ። አዳራሾቻችን ቆርቆሮ ናቸው፤ ዝናብ ሲመታ ክራር ቀርቶ ማይክሮፎንም አይሰማም፣ የእናንተ ሥራ ደግሞ ግማሹ ዝምታ ነው። በጥር ሠርግ አዳራሹን ይይዛል፤ በጾም ወራት ከበሮ ያለበት ዝግጅት ብዙ ሰው አይመጣም። ከመስቀል በኋላ እስከ ኅዳር አጋማሽ ያለው ጊዜ ጥሩ ነው። እሑድ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሩ፤ የጠዋቱ የእድር ስብሰባ ያልቃል፣ ውይይቱን ጨምሮ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ትጨርሳላችሁ፣ ለዐሥር ሰላት የሚሄደውም ይደርሳል፣ ሩቅ የሚሄደውም ታክሲ ያገኛል። የፈቃድ ደብዳቤውን ከወረዳው ቀደም ብላችሁ ውሰዱ።

ደረጃ 8፦ በዕለቱ

ከመጀመሩ በፊት አንድ ሰው ወጥቶ ሦስት ነገር ይናገር፦ ሥራው ስለ ድብርት እንደሆነ፣ የከበደው ሰው በፈለገ ጊዜ መውጣት እንደሚችል፣ ማንም ተመልካች እንደማይቀረጽ። ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ ይወጣል ብሎ የሚፈራ ሰው በውይይቱ አይናገርም።

በሩ አጠገብ ሁለት ወንበር ባዶ ይሁን፤ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ከቡድኑ እዚያ ይቁሙ፤ ሥራቸው የወጣውን ሰው ተከትሎ ውኃ ሰጥቶ አብሮ መቀመጥ ብቻ ነው። ራሱን ሊጎዳ እንደሆነ የተናገረ ሰው ብቻውን አይተው፤ ባለሙያው ወዲያው ይጠራ፣ አስቸኳይ ከሆነ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይመጣል።

ዝምታው ላይ ከኋላ ሳቅ ሊሰማ ይችላል። ተዋናይቷ ሳትንቀሳቀስ ትቆይ፣ ክራሩም አይፍጠን። ሳቁ ከጭንቀት ነው የሚመጣው፤ ካልተመለሰለት ይበርዳል።

ደረጃ 9፦ ውይይቱ

30 ደቂቃ ይበቃል። «ከእናንተ ውስጥ ድብርት ይዞት የሚያውቅ እጅ ያውጣ» አትበሉ። ባዶውን ወረቀት ለሁሉም አድሉ፣ የማይጠይቀውም የሆነ ነገር ይጻፍበት፤ ያለዚያ የጻፈው ሰው ይለያል። ማንበብ የማይችሉ እናቶች ካሉ በሩ ጋ ላሉት ልጆች በጆሮ ይንገሩ። ጥያቄውን አወያዩ ያንብብ፣ መልሱን ባለሙያው ይስጥ። ተዋንያኑ ስለ መድኃኒት አይመልሱ።

ታዳሚው ሲወጣ የጤና ጣቢያው ወረቀት ለሁሉም ይሰጥ። ወንበር ላይ አስቀምጣችሁ «የፈለገ ይውሰድ» ካላችሁ የሚያስፈልገው ሰው ሰው አየኝ ብሎ አይወስደውም።

ደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች

- ዜማው አልቆ ሳለ «ድብርት በሽታ ነው፣ ሕክምና አለው» የሚል ረጅም ንግግር በተዋናይት አፍ ማስገባት። ያ የባለሙያው ነው፤ በውይይቱ ይባል።
- ጤና ባለሙያውን ጋውን አልብሶ ሁሉን አዋቂ ማድረግ። ተቀምጦ የሚያዳምጥ፣ «እሺ፣ ከዚያስ?» የሚል ሰው ይሁን።
- ባሏን ክፉ ማድረግ። ክፉ ባል ካለ ተመልካቹ እሱን ሲጠላ ሕመሙን ይረሳል።
- ዝምታውን ማሳጠር። በልምምድ የረዘመ የመሰላችሁ ዝምታ በአዳራሽ ትክክለኛው ነው።
- ሴትዮዋን ማይክሮፎን አስይዞ ማዘፈን። እጇ ከተያዘ ሊጡን፣ ስኒውን፣ ጋቢውን መንካት አትችልም፤ ማይክሮፎኑን በማቆሚያ ከፍራሹ አጠገብ ትከሉት።
- በወረቀቱ ላይ የሚታተመውን ስልክ አለመሞከር። ከማተማችሁ በፊት በሥራ ሰዓትም ከሥራ ሰዓት ውጭም ደውሉ፤ ማን እንደሚያነሣ አረጋግጡ፣ የሚያነሣበትን ሰዓትም አብራችሁ አትሙ።